ካቢኔው አዲስ ነው

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም። ምስጋና ለአላህ (ሱ.ወ) ይገባው። ሰላትና ሰላም በነቢያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ)፣ በቤተሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ላይ ይሁን።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ለዘገባ ወደ መንዝ ወጥቼ ነበር። ብርዱ አጥንት ድረስ በሚዘልቅበት አንድ ጧት፣ በአንድ መሥሪያ ቤት በር ላይ ተራ ስጠብቅ ሁለት ባለጉዳዮች ከጎኔ ነበሩ። አንደኛው ከአንድ የረድኤት ድርጅት የመጣ ሰው ነው፤ በሚያብረቀርቅ ወረቀት የተጠቀለለ ስጦታ ይዞ፣ አዲስ የተሾሙትን ኃላፊ «እንኳን ደስ ያለዎት» ሊል ይጠብቃል። ሌላዋ ባና የደረቡ እናት ናቸው፤ ስማቸው ከእርዳታ መዝገብ ለምን እንደተሰረዘ ሊጠይቁ ሌሊት ተነሥተው በእግራቸው መጥተዋል። ሰውየው ተጠርቶ ገባ። እናትዬዋ ግን «ካቢኔው አዲስ ነው፤ ትንሽ ሰንብተው ይምጡ» ተባሉ። «ምን አሉዎት እማማ?» ብላቸው፣ «ካቢኔው አዲስ ነው አሉኝ ልጄ፤ እኔ ግን አሮጌ ነኝ። እሱ ሥራውን እስኪለምድ እደርስ ይሆን?» አሉኝ።

ወገኖቼ፤ እኚያ እናት የኔን እምነት የሚከተሉ አይደሉም። ነገር ግን ጎረቤቱ ተርቦ ሳለ ጠግቦ የሚያድር ሰው ኢማኑ ሙሉ እንዳልሆነ ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) አስተምረውናል።

በአገራችን «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የሚል ተረት አለ። በኢስላም ግን ሹመት አማና ነው። አቡ ዘር (ረ.ዐ) ሹመት በጠየቁ ጊዜ፣ ነገሩ ከባድ አደራ መሆኑንና ሐቁን ላልተወጣ ሰው በቂያማ ቀን ውርደትና ጸጸት እንደሚሆንበት ነቢያችን ነግረዋቸዋል። ዘካ እንዲሰበስብ የተላከው ሰው ተመልሶ «ይህ የእናንተ ነው፤ ይህ ደግሞ ለእኔ የተሰጠኝ ነው» ባለ ጊዜም፣ በእናቱ ቤት ቢቀመጥ ኖሮ ያ ስጦታ ይመጣለት እንደሆነ ጠይቀው ገሥጸዋል። ይህ ተግሣጽ ለተቀባዩ ብቻ የተነገረ አይመስለኝም፤ ሰጪውም ሊያስብበት ይገባል። የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113/2011 የአስተዳደር ወጪ ከ20 በመቶ እንዳይበልጥ ይደነግጋል። ታዲያ ለአዲሱ ሹም የተገዛው ስጦታ ከየትኛው ሒሳብ ወጣ? በድሃው ስም ከተለመነው ገንዘብ አይደለምን?

ከስጦታው የከፋው ግን ዝምታው ነው። ከግሼ ማዶ ያለውን የወሎን ታሪክ እናስታውስ። በ1965 ዓ.ም. ወሎ በረሃብ ሲያልቅ አዲስ አበባ የነበሩ ዓለም አቀፍ ድርጅቶች ወሬው ደርሷቸው ነበር። መንግሥትን እንዳያስቀይሙ ብለው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። ዓለም በሰፊው የሰማው በጥቅምት 1966 የጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ ፊልም በእንግሊዝ ቴሌቪዥን ሲታይ ነው። በየካቲት የአክሊሉ ሀብተ ወልድ ካቢኔ ወርዶ ልጅ እንዳልካቸው መኰንን አዲስ ካቢኔ አቋቋሙ። ያም ካቢኔ አምስት ወር አልሞላውም። ኅዳር 14 ቀን 1967 ሁለቱም ጠቅላይ ሚኒስትሮች በአንድ ሌሊት ተገደሉ። ሹመት እንዲህ አላፊ ነው፤ በዝምታው ምክንያት የሞተው ሰው ግን አልተመለሰም።

በቅርቡም ያየነው አለ። መስከረም 26 ቀን 2014 ምክር ቤቱ 22 ሚኒስትሮችን አጸደቀ። የቀድሞው ሠራተኛና ማኅበራዊ ጉዳይ ሥራ ለሁለት ተከፍሎ፣ ማኅበራዊ ጉዳዩ ከሴቶች ጉዳይ ጋር፣ የሠራተኛው ጉዳይ ወደ ሥራና ክህሎት ሄደ። ድርጅቶች አዲስ በር ማንኳኳት ነበረባቸው። ካቢኔው ሁለት ወር ሳይሞላው ግን ጦርነቱ ሰሜን ሸዋ ደረሰ፤ ሕዝብ ቤቱን ጥሎ ወደ ደብረ ብርሃን ተሰደደ። ችግር ሹመት እስኪረጋጋ አይጠብቅም።

አንዳንድ የድርጅት ሰዎች «ከተናገርን ያግዱናል፤ ሕዝቡም ያለችውን ጥቂት ያጣል» ይላሉ። ይህን ሥጋት አላቃልለውም። አዋጅ ቁጥር 621/2001 በመብት ጉዳይ የሚሠሩ የአገር ውስጥ ድርጅቶች ከገቢያቸው ከ10 በመቶ በላይ ከውጭ እንዳያመጡ በከለከለ ጊዜ ብዙዎች ሥራቸውን ለመተው ተገደዋል። በ2011 ግን ያ አዋጅ በ1113 ተተክቷል። ሙሳና ሃሩን (ዐ.ሰ) ወደ ፊርዐውን ሲላኩ በለስላሳ ቃል እንዲናገሩ ታዘዙ፤ ዝም እንዲሉ ግን አልታዘዙም። የኛ ሹማምንት ከፊርዐውን የከፉ አይደሉም፤ እኛም ከሙሳ አንበልጥም።

እንግዲህ አዲስ ካቢኔ ሲሾም፣ የወረዳም ይሁን የፌዴራል፣ ድርጅቶች በመጀመሪያው ቀን ሦስት ነገር ይዘው ይግቡ እላለሁ። አንደኛ፣ ያለፈው ሹም የፈረመውንና ያልተፈጸመውን ውል። ሁለተኛ፣ የራሳቸውን ሒሳብ፤ ጉድለታቸውን ጭምር። ሦስተኛ፣ ከመዝገብ የተሰረዙትን ሰዎች ጉዳይ። «እንኳን ደስ ያለዎት» ማለት ነውር የለውም፤ እነዚህ ከተነገሩ በኋላ ይባል። ሹሙም «አዲስ ነኝ» ከማለቱ በፊት ቀዳሚው የተወውን መዝገብ ይክፈት። የግምጃ ቤቱን ኃላፊነት የጠየቁት ዩሱፍ (ዐ.ሰ) ራሳቸውን ያቀረቡት ጠባቂና ዐዋቂ ነኝ ብለው ነው፤ የመጣው ረሃብ ዕውቀትን እንጂ መለማመጃ ጊዜን አይሰጥምና።

ሥራ ከሹም እንደሚረዝም መርሐቤቴ ምስክር ናት። ሰዎች ለሰዎች ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1992፣ መንግሥት በተለወጠ ማግሥት፣ እዚያ ሥራ ጀመረ። ከዚያ ወዲህ ስንቱ አስተዳዳሪ ተሾመ፤ ስንቱስ ተሻረ! ሰው የሚያስታውሰው ግን የታከመበትንና የተማረበትን ነው።

እኛም ሙስሊሞች በየጀመዓችን ሰደቃ እናሰባስባለን፤ ሹም ዘንድ እንገባለን። የመንዟ እናት ጥያቄ ለእኛም ነው።

አላህ (ሱ.ወ) የተሾሙትን አማናቸውን የሚወጡ፣ የሚረዱትን እውነት የሚናገሩ ያድርጋቸው። አሮጊቷንም ከበር አይመልስብን። አሚን። ወላሁ አዕለም።