የተጠባባቂ ዋጋ
እ.ኤ.አ. መስከረም 29 ቀን 2019 በአሜሪካ፣ ፍሎሪዳ፣ የዋልት ዲዝኒ ወርልድን ሆቴሎች ከሁለት መናፈሻዎች ጋር የሚያገናኝ የአየር ላይ የገመድ መጓጓዣ ሥራ ጀመረ። ሳምንት ሳይሞላው ተበላሽቶ ቆመና ተሳፋሪዎች ከሦስት ሰዓት በላይ ተንጠልጥለው ቆዩ።

መብረቅ ሲያሰጋም ገመዱ ይቆማል፤ መንገደኛውን አውቶቡስ ይረከበዋል። አውቶቡስ ግን የሚደርሰው በጣቢያ ለቀረው ነው። በሰማይና በምድር መካከል ላለው መሰላልና የሠለጠነ አዳኝ ያስፈልገዋል።

ታዲያ ለብልሽት ቀን ተብሎ የሚቀመጥ አውቶቡስ፣ ሾፌርና አዳኝ ብክነት ነውን? ገመዱ በደኅና በሚሠራበት ቀን ሁሉ እንዲያ ይመስላል። ሆኖም ሰውን ከምድር ያነሣ በሰላም የማውረድ ዕዳ አለበት፤ የዕዳውም መክፈያ ጊዜ ገመዱ ገና ሲዘረጋ ነው። እንግዲህ ሥራ ፈት የሚመስለው ተጠባባቂ የተሰጠው ቃል መያዣ ነው።