ኮረብታዪቱ መንደርና የእኛ ዕዳ

ዊተን ላይ ከምድር ውስጥ ባቡር ወርዶ ወደ አደባባይ የሚወጣ ሰው 70 ሜትር ያህል የሚረዝም ተንቀሳቃሽ ደረጃ ይጠብቀዋል። ከሥራና ከትምህርት ስንመለስ በየምሽቱ እዚያ ላይ ቆመን፣ እግራችንን ሳናነሣ፣ ዳገቱን እንወጣለን። ከመካከላችን በደብረ ታቦር ዙሪያ ካሉት ኮረብታዎች በአንዱ ተወልዶ ያደገ ጓድ አለ። ባለፈው ክረምት በዚያው ደረጃ ላይ ሳለን፣ «እናቴ ይህን የመሰለውን ዳገት በቀን ሁለት ጊዜ እንስራ አዝላ ትወጣው ነበር። አባቴ ዛፍ ጥላ ሥር ተቀምጦ ይጠብቃታል፤ እኔም አጠገቡ» አለን። ይህን ጽሑፍ የወለደችው ያች «እኔም አጠገቡ» የምትለው ቃል ናት።

እኛ በስደት ያለን ተማሪዎች ስለ ገበሬው ብዙ ተናግረናል። ታላላቆቻችንም ከእኛ በፊት ተናግረዋል። በየካቲት 1957 ዓ.ም. የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች «መሬት ለአራሹ» እያሉ ወደ ፓርላማ ሲተሙ፣ በሰሜን አሜሪካና በአውሮፓ የነበሩት ማኅበራትም ያንኑ ጥያቄ በየመጽሔታቸው ሲያስተጋቡ፣ ገበሬው በስሙ የሚከራከርለት ወገን አግኝቶ ነበር። ያን ትግል ማቃለል ውለታ ቢስነት ነው። ነገር ግን በዚያው ዘመን፣ በ1964 ዓ.ም.፣ ማንም በስሙ ሳይናገርለት፣ የትምህርት ቤት ደጃፍ ያልረገጠ አንድ ገበሬ በፎገራ ወረዳ ኮረብታ ላይ የራሱን መልስ መሥራት ጀምሮ ነበር። የመንደሪቱ ስም አውራ አምባ ነው፤ የገበሬውም ስም ዙምራ ኑሩ።

በዚህ ጽሑፍ ልናነሣ የምንሻው ጥያቄ እነሆ፤ ፍትሕ የሚጀምረው ከወዴት ነው? የመንግሥት ሥልጣንና የመሬት ሥሪት ሲለወጥ በየጎጆው ራሱ ይደርሳልን? ወይስ በጎጆ ያልተጀመረ ፍትሕ በአደባባይ ከቶ ሊጸና አይችልም?

አስቀድመን ስለ ቦታው ጥቂት እንበል። ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር የሚወስደው መንገድ ወረታ ሲደርስ አንዱ ቅርንጫፍ ወደ ምሥራቅ ታጥፎ ወደ ደብረ ታቦር ያቀናል። በስተ ምዕራብ እስከ ጣና የተዘረጋው የፎገራ ሜዳ ነው፤ በከብቱ ዝርያ የታወቀ፣ ዛሬም ሩዝ የሚበቅልበት ሜዳ። በስተ ምሥራቅ ግን ምድሩ ኮረብታ በኮረብታ እየሆነ፣ ከ4000 ሜትር በላይ ከፍታ ወዳለው ወደ ጉና ተራራ ያርጋል። ርብና ጉማራ ከዚያ ተነሥተው ወደ ጣና ይወርዳሉ። አውራ አምባ በሜዳውና በተራራው መካከል፣ ከዋናው መንገድ ገባ ብላ የተቀመጠች ወደ 500 የሚጠጉ ሰዎች የሚኖሩባት ትንሽ መንደር ናት።

አቶ ዙምራ ገና በሕፃንነታቸው የጠየቁት ጥያቄ በመንደሪቱ ሁሉ ይተረካል። እናትና አባታቸው እርሻ ላይ አብረው ይውላሉ። ማታ ግን አባት ያርፋል፤ እናት ትፈጫለች፣ ትጋግራለች፣ የባሏን እግር ታጥባለች፣ ሲከፋም ትመታለች። የሁለቱም ጉልበት አንድ ሆኖ ሳለ የአንዷ ሥራ ስለምን አያልቅም? ከሙስሊም ቤተሰብ የተወለዱት ሕፃን፣ ሙስሊሙና ክርስቲያኑ የአንድ ፈጣሪ ፍጥረት ሆነው ሳለ አንዱ የሌላውን ሥጋ የማይበላው ስለምን እንደሆነም ጠየቁ። ቤተሰባቸው አእምሮው ተነካ አለ። አድገው ሐሳባቸውን የሚጋራ ሰው ፍለጋ በየአገሩ ከዞሩ በኋላ ወደ 20 ከሚጠጉ ሰዎች ጋር መንደሪቱን መሠረቱ።

በዚያች መንደር ሴት ዕርፍ ጨብጣ ታርሳለች፤ ወንድ እንዝርት ያሾራል፣ እንጀራ ይጋግራል። ቤተ ክርስቲያንም መስጊድም የለም፤ በፈጣሪ ግን ያምናሉ፤ አምልኮውም ሐቀኝነትና ለሰው ደግ መሆን ነው ይላሉ። ጧሪ ያጡ አረጋውያን የሚጦሩበት ቤት አለ። ሰርግ ድግስ የለውም፤ ለሞተም ተዝካር አይደገስም። ቀብረው ወደ ሥራ ይመለሳሉ። በሳምንት አንድ ቀንም ጉልበታቸውን ለአቅመ ደካማው ይሰጣሉ።

የፖለቲካ ሳይንስ ተማሪ ይህን ሲሰማ መልሱ ዝግጁ ነው። ሮበርት ኦወን በ1825 እ.ኤ.አ. ኢንዲያና ውስጥ «ኒው ሃርመኒ» የተባለችውን የእኩልነት መንደር መሥርቶ፣ ሁለትና ሦስት ዓመት ሳይሞላት እንደ ፈረሰችበት እናውቃለን። ኤንግልስም በ1880 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ጽሑፍ እንዲህ ያሉትን ሕልመኞች አክብሮ ተችቷል፤ የማኅበረሰቡን ሕግ ሳያጠኑ በጥሩ ልብ ብቻ አዲስ ዓለም ሊሠሩ ተነሡ ሲል። ይህ ሂስ ቀላል አይደለም። ነገር ግን አንድ ልዩነት እናስተውል። ኦወን ባለ ፋብሪካ ነበር፤ መሬቱን በገንዘቡ ገዝቶ፣ ዕቅዱን ነድፎ፣ ሰዎቹን ወደ ዕቅዱ ጠራ። የአውራ አምባ ሰዎች የጀመሩት በመጀመሪያው ምሽት ማን ያበስላል በሚለው ጥያቄ ነው። የመጀመሪያው ጥያቄ ሳይመለስ ሌላ አልተከተለም። ስለዚህም ይመስለናል ኒው ሃርመኒ በመጽሐፍ ስትቀር አውራ አምባ ከ50 ዓመት በላይ የቆየችው።

ሁለተኛው ተቃውሞ ከመጀመሪያው ይከብዳል። በደርግ ዘመን ማብቂያ ገደማ የአካባቢው ጎረቤቶች ከሃዲ ይሏቸው የነበሩት እነዚህ ሰዎች፣ በመንግሥት ዘንድ የተቃዋሚ ደጋፊ ተብለው ተጠረጠሩ። ነፍሳቸውን ለማትረፍ እስከ ከፋ፣ እስከ ቦንጋ ድረስ ተሰደዱ። ደርግ ከወደቀ በኋላ ሲመለሱ መሬታቸው በሌሎች ተይዟል። የቀረላቸው 17 ሄክታር ተኩል ያህል ብቻ ነበር። እንዲህ ያለ መሬት ያን ሁሉ ሰው ስለማያበላ፣ በአገራችን ባለርስቱ ይንቀው በነበረው በሽመና ሊያድሩ ተገደዱ። እንግዲህ፣ ይላል ተቃዋሚያችን፣ ጎጆህን ብታስተካክልም ሥልጣን ያልያዝክ እንደሆን በአንድ ጀምበር ከጎጆህ ያወጡሃል። በጎነት ያለ ፖለቲካ የሰው ደጅ ላይ እንደ ተተከለ ድንኳን ነው።

ይህን እውነት አንክድም። ስደተኛው ስደተኛውን ያውቃል፤ ወደ ቦንጋ የወሰደው መንገድና እኛን ወደ ዊተን የወሰደን መንገድ ርዝመታቸው ይለያይ እንጂ መነሻቸው አንድ ነው። ዛሬም፣ ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ የአማራ ክልልን ባመሰው ጦርነት፣ የኮረብታ መንደሮች ዕጣ በእጃቸው እንዳልሆነ አይተናል። መንደር ብቻዋን መንደርን አታድንም።

ነገር ግን የተቃውሞውን ሌላ ገጽ እንመልከት። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው የገጠር መሬት አዋጅ የጾታ ልዩነት ሳይደረግ፣ በግሉ ለማረስ ፈቃደኛ ለሆነ ሰው ሁሉ መሬት ይሰጠዋል ሲል ደነገገ፤ ለአንድ ቤተሰብም ከ10 ሄክታር እንዳይበልጥ ወሰነ። ለዚህ አዋጅ ብዙ ወጣት ሞቷል፤ ገባርነትንም ሽሯል። ይሁን እንጂ ያው አዋጅ የሰው ጉልበት መቅጠርን ሲከለክል፣ ሌላ መተዳደሪያ የሌላትን ሴት ከሕመምተኛውና ከሽማግሌው ጋር ከክልከላው አውጥቷታል። ስለምን? ሕግ አውጪው በደጋው አገር ሴት ሞፈር እንደማትይዝ ስለሚያውቅ ነው። ደግነቱ አይካድም፤ ነገር ግን መሬት ለአራሹ ሲሰጥ፣ አራሽ እንዳትሆን ልማድ የከለከላት ሴት መሬቱ በስሟ ቢጻፍም ከበሬ ባለቤት ደጅ አትጠፋም። የእኩሌታ አራሽ እየቀጠረች ምርቷን ስታካፍል ኖራለች። አዋጁ መሬቱን ሰጣት፤ ዕርፉን ግን ሊያስጨብጣት አልቻለም። ዕርፉን ያስጨበጠቻት አውራ አምባ ናት፤ ያውም ከአዋጁ ሦስት ዓመት ቀድማ።

ከዚህ የምንደርስበት መደምደሚያ ይህ ነው። ሕግ በር ይከፍታል፤ በተከፈተው በር የሚገባው ግን አስቀድሞ በቤቱ መራመድ የለመደ ሰው ነው። ሕግ የሌለው መንደር ይፈናቀላል፤ ልማዱ ያልተለወጠ ሕግም ወረቀት ሆኖ ይቀራል። አንዱ ሌላውን ይጠብቅ የሚል ሁሉ፣ አውቆም ይሁን ሳያውቅ፣ በዛፍ ጥላ ሥር የተቀመጠውን ሰው ይደግፋል።

ሐሳቡ ለአገሩ እንግዳ አይደለም። ከአውራ አምባ ብዙ ሳይርቅ፣ በእንፍራዝ፣ ዘርዓ ያዕቆብ ኖረበት የተባለው ቤት ነበር። የ«ሐተታ»ው ደራሲነት ከ1920 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሲያከራክር የቆየ ቢሆንም፣ በመጽሐፉ ውስጥ ፈላስፋው የጌታውን አገልጋይ ሂሩትን ሲያገባ ባልና ሚስት እኩል መሆናቸውን ይመሰክራል። ደራሲው ማንም ይሁን፣ ይህን ለመናገር የመረጠው ቦታ ዙፋን ችሎት ሳይሆን የራሱ ጎጆ መሆኑ ልብ ይሏል።

መንደሪቱን ግን ገነት አናደርጋትም። በአንድ መሥራች ዙሪያ የቆመ ማኅበር ሁሉ፣ መሥራቹ ያላሰበውን ማሰብ የሚሻ ልጅ ሲነሣ ምን ያደርጋል የሚል ፈተና አለበት። የማያለቅስ ሐዘንተኛ፣ የማይደግስ ሙሽራ፣ ለእናቶቻችን የሚያጽናና ነገር አይሆንም። ጎብኚውም እየበዛ ሲሄድ ሰው በገዛ ደጁ ለትዕይንት እንደ ቀረበ ዕቃ እንዳይሆን ያሰጋል። እኛም ከሩቅ ሆነን የምናደንቃት፣ ድሮ «ሰፊው ሕዝብ» የሚለውን ቃል እንደ ጥላ እንደ ዘረጋነው፣ እርሷንም የስንፍናችን ጥላ እንዳናደርጋት እንጠንቀቅ።

አሁን ወደ ራሳችን እንመለስ፤ ሂስ ከቤት ካልጀመረ ሐሜት ይሆናልና። በወር ሁለት እሑድ ዊተን ውስጥ በተከራየነው ምድር ቤት ለውይይት እንሰበሰባለን። በግንቦት ወር የተያዘው አጀንዳ «የገጠር ሴቶች ጥያቄ» ነበር። ስድስት ወንዶች ሦስት ሰዓት ሙሉ ተከራከርን፤ ኤንግልስን ጠቀስን፣ አዋጁን ተነተንን። ሁለት እኅቶቻችን በዚያን ጊዜ ወጥ ቤት ነበሩ። አንዷ የሌሊት ተረኛ ሆና ሆስፒታል ስታገለግል አድራ የመጣች ናት። ቡናው ሦስተኛው ሲደርስ ሊቀ መንበሩ «እኅቶችስ ምን ይላሉ?» ቢላት፣ «ስኒዎቹን ማን እንደሚያጥብ ከወሰናችሁ በኋላ እናገራለሁ» አለች። አንዳንዶቻችን ሳቅን። ደረጃው ላይ የተናገረው ጓዳችን ግን አልሳቀም። ተነሥቶ ስኒዎቹን ሰበሰበ። ውይይቱም ያለ እርሱ ቀጠለ፤ ያሳፈረንም ይህ ነው።

ይህ ትንሽ ነገር ነው የሚል ይኖራል። አገር እየነደደ ስለ ስኒ? እኛ ግን እንዲህ እንላለን፤ ነገ ሥልጣን ቢሰጠን የምናወጣው ሕግ ዛሬ በምድር ቤታችን ከምንኖረው ኑሮ የተሻለ ሊሆን አይችልም። የማናውቀውን ልንደነግግ እንችላለን፤ የማንኖረውን ግን ልናስፈጽም አንችልም። በገበሬው ስም የተናገረ ትውልድ ገበሬይቱን ሳያይ ማለፉን ታሪክ መዝግቦብናል። ሁለተኛ እንዳይመዘግብብን።

ስለዚህ ውድ አንባብያን፣ በየከተማው የምትገኙ የማኅበራችን አባላት፣ የምናቀርብላችሁ ጥሪ አጭር ነው። ስለ መሬት፣ ስለ ሕግና ስለ ሥልጣን የምናደርገው ትግል ይቀጥል፤ አንዲት ጋት አንቀንስም። ከእንግዲህ ግን በዊተን የእሑዱ ውይይት የሚከፈተው የወጥ ቤቱ ተራ ከተነበበ በኋላ ነው። ተራውም በወንዶቹ ስም ይጀምራል። ጓዳችን እናቱን በስልክ ይህን ቢነግራት፣ ለረጅም ጊዜ ዝም ብላ ቆይታ፣ «ታዲያ ጋግረህ ታውቃለህ?» ስትል ጠየቀችው። አያውቅም፤ እየተማረ ነው።