በተዛባ ዓለም እውነትን ስለ መመዘን

ሆን ተብሎ ከተዛባ ዓለም ስለ እውነተኛው ዓለም አስተማማኝ ዕውቀት ይገኛል ወይ የሚለው ጥያቄ ለፈላስፎች ብቻ የተተወ ቢመስልም፣ ጥርት ያለ መልስ ያገኘው ግን በወረፋ ስሌት ውስጥ ነው። ዴንማርካዊው አግነር ኤርላንግ እ.ኤ.አ. በ1909 ስለ ስልክ ጥሪዎች ባሳተመው ጽሑፍ የተጀመረው ይህ ዘርፍ፣ ዛሬ የኮምፒውተር መረቦች ማቆያ ከአቅሙ በላይ የሚሞላበትን ብርቅ አጋጣሚ ይለካል።

የመምጣት ፍጥነቱ የአገልግሎቱ ግማሽ የሆነ፣ ሁለቱም ያለፈውን በማያስታውስ ዕጣ የሚመሩበት ነጠላ ወረፋ ቢወሰድ፣ ከአንድ ተራ ጠባቂ ተነሥቶ ባዶ ከመሆኑ በፊት 30 ደርሶ የሚሞላበት ዕድል ከ1,073,741,823 አንድ ነው፤ ስለዚህ ወረፋውን በኮምፒውተር አስመስሎ ማስኬድ፣ ማለትም ሲሙሌሽን፣ አንድ ሙላት ለማየት በአማካይ ከቢሊዮን በላይ ሙከራ ይጠይቃል። መፍትሔው ድፍረት የተሞላበት ነው፤ የመምጣቱና የአገልግሎቱ ፍጥነት ቦታ ይለዋወጣሉ። በተገለበጠው ዓለም ከሙከራዎቹ ግማሽ ያህሉ ሙላት ላይ ይደርሳሉ፤ ሆኖም እያንዳንዱ ጉዞ እንደ አንድ አይቆጠርም፣ በእውነተኛው ዓለም ያለው ዕድል በሐሰተኛው ዓለም ላለው ዕድል ተካፍሎ በሚገኘው ክብደት ይመዘናል እንጂ። እዚህ ደግሞ ሙላት ላይ የደረሱት ጉዞዎች፣ ምንም ያህል ቢጠማዘዙ፣ ሁሉም 1/536,870,912 ይመዝናሉ። ሐሰቱ ልኩ ስለታወቀ ጉዳቱ ተወገደ።

ተመራማሪዎቹ ፓሬክና ዋልራንድ እ.ኤ.አ. በ1989 ይህንኑ ወደ ወረፋ መረብ ሲያሸጋግሩ፣ የመምጣቱ ፍጥነት ከቀርፋፋው አገልጋይ ፍጥነት ጋር እንዲለዋወጥ ሐሳብ አቀረቡ። ግላሰርማንና ኩ ግን እ.ኤ.አ. በ1995 ሁለት አገልጋዮች በተከታታይ ሲቆሙና ፍጥነታቸው ሲቀራረብ ዘዴው ሊከሽፍ እንደሚችል አሳዩ። አከሻሸፉ ከውድቀቱ ይልቅ ትኩረት ይገባዋል። ሐሰተኛው ዓለም እምብዛም የማይሄድባቸው፣ ክብደታቸው ግን እጅግ ግዙፍ የሆነ ጉዞዎች አሉ፤ ሙከራዎቹ እነዚህን ሳያገኙ ሲቀሩ የሚሰጡት ግምት እርስ በርሱ ይስማማል፣ የተረጋጋም ይመስላል፣ ከእውነቱ ግን ያንሳል። የሚያስደንቀው ደግሞ ሙከራው ማለቂያ ባይኖረው አማካዩ አሁንም ትክክል መሆኑ ነው፤ የዘዴው ትክክለኛነትና በዘዴው የተገኘው ዕውቀት እዚህ ላይ ይለያያሉ፣ ምስክሮች መስማማታቸውም ማስረጃ መሆኑ ይቀራል።

ዱፑዊ፣ ሴዘርና ዋንግ እ.ኤ.አ. በ2007 ያቀረቡት መፍትሔ ማዛባቱን ቋሚ ከመሆን አውጥቶ፣ የትኛው ወረፋ ባዶ እንደሆነ እያየ እንዲለዋወጥ ያደርጋል፤ ለውጡንም የሚመራው ከጨዋታ ንድፈ ሐሳብ የተገኘ እኩልታ ሲሆን፣ በዚህ መንገድ ለግምቱ መዋዠቅ የሚበጀው ወሰን ሙከራው ያላያቸውን ጉዞዎች ጭምር ያካትታል።