ማሚቴ ብንላትስ?

ከሰዓት በኋላ አንድ የአዲስ አበባ መዋዕለ ሕፃናት በር ላይ ቆሞ ልጅ የሚጠብቅ ሰው የዘመኑን ስም ሁሉ ባንዴ ይሰማል። ሶልያና፣ ሜላት፣ ሄራን፣ ኤልዳና፣ ብሌን። አንዳንዱ ከመጽሐፍ የተወሰደ ነው፤ አንዳንዱን ደግሞ ስም አውጪው ራሱ "ትርጉሙ ጥሩ ነው ብለውኝ ነው" ከማለት በቀር ከየት እንዳመጣው አይነግራችሁም። ክፋት የለውም፣ ለጆሮ ደስ ይላሉ። እስቲ ግን እዚያ በር ላይ የማይሰሙትን ቁጠሩ፦ ጠጂቱ፣ ሸጊቱ፣ ብርቄ፣ ድንቄ፣ ውድነሽ፣ እንኮዬ፣ ማሚቴ። እነዚህ ከመዝገብ ሳይሆን ከጉያ የወጡ ስሞች ናቸው። እናት ወይም አያት ልጅ ስታቆላምጥ ካፏ ያመለጣት ቃል በዚያው ስም ሆኖ ቀረ።

አንድ የቀድሞ ተማሪዬና ባለቤቱ ሴት ልጅ ወልደው "ማሚቴ" ሊሏት አስበዋል። የባለቤቱ አያት ስም ነው፤ አሮጊቷ እስኪሞቱ ድረስ በሌላ ስም የጠራቸው አልነበረም። የተማሪዬ እናት ይህን ሲሰሙ "ልጄን ለፍቼ አስተምሬ የልጅ ልጄን በሠራተኛ ስም ልጥራ?" ብለው አለቀሱ። እሱም መካሪ ፈልጎ እኔ ዘንድ መጣ፤ ሥነ ጽሑፍ ያስተማረ ሰው ስም ያውቃል ይባላል መሰለኝ።

ነገሩ ቀልድ ቢመስልም ቀልድ አይደለም። ማሚቴ በከተማችን አፍ የሰው ስም መሆኑ ከቀረ ቆይቷል። "ማሚቴ አገኛችሁ?" ይባላል፣ የቤት ሠራተኛ ቀጠራችሁ ወይ ለማለት። አለባበሷ ያላማረን ልጅ "ምነው ማሚቴ መሰልሽ" ይሏታል። በተማሪዬ እናት ቤት የምትሠራዋ ልጅ ስሟ ሜላት ነው። አዎ፣ ሜላት፤ ዘመኑ ገጠርም ገብቷል እኮ። እመቤቲቱ ግን "ማሚቴ" እያሉ ነው የሚጠሯት። እንግዲህ ተመልከቱ፤ በአንድ ቤት ውስጥ ማሚቴ ያልሆነችው በግድ ማሚቴ ትባላለች፣ ማሚቴ እንድትባል የታሰበችው ደግሞ ትከለከላለች።

ቃሉ ምን አጠፋ? የእኛ ሰው የሦስት ዓመት ሕፃን ልጁን "እማዬ"፣ "እሙዬ" ብሎ መጥራት ይወዳል። ትንሿን ልጅ እናት ማድረግ፣ ከዚህ በላይ ምን ማቆላመጥ አለ? ማሚቴም ለእኔ ጆሮ የዚሁ ቤት ልጅ ናት። መጨረሻዋ ላይ ያለው "ቴ" ወይም "ቱ" ነው የገጠር የሚመስለው የሚል ካለ ደግሞ ጣይቱንና ዘውዲቱን ምን ሊያደርጋቸው ነው? እቴጌ ጣይቱ የክርስትና ስማቸው ወለተ ሚካኤል፣ ንግሥት ዘውዲቱ ደግሞ አስካለ ማርያም ነበር፤ ታሪክ የያዘው ግን ሰው የሚጠራቸውን ነው። እቴጌ ምንትዋብም በክርስትና ወለተ ጊዮርጊስ ነበሩ። ምንትዋብ ማለት በውበቷ የተደነቀ ሰው አፍ ላይ የሚመጣ ቃል እንጂ ሌላ ምንድነው? እናታቸውም እንኮዬ ይባሉ ነበር። ዛሬ ልጁን እንኮዬ የሚል የቦሌ አባት ካለ ቡና እጋብዘዋለሁ።

ስለዚህ የሚያስቀን ድምፁ አይደለም። የሚያስቀን ስሙን ተሸክማ ትዞራለች ብለን የምናስባት ሴት ናት። "ፍቅር እስከ መቃብር" በ1958 ዓ.ም ከታተመ በኋላ የተወለዱ ስንት ሰብለወንጌሎች አስተምሬአለሁ። የበዛብህን እናት ስም፣ ውድነሽን፣ ከመጽሐፉ ወስዶ ለልጁ ያወጣ ሰው ግን እስከዛሬ አላጋጠመኝም። የፊታውራሪውን ልጅ ወሰድን፣ የገበሬውን ሚስት እዚያው ማንኩሳ ተውናት።

ደግነቱ ስም ይነሣል። ጥሩነሽ ዲባባ በ2000 ዓ.ም ቤጂንግ ላይ በ5 ሺህና በ10 ሺህ ሜትር ሁለት ወርቅ ስታመጣ "ጥሩነሽ" የሚለው ስም እንደ አዲስ ተወለደ፤ አቃቂ ቃሊቲ ያለው ሆስፒታልም በስሟ ተጠራ። ወይዘሮ ማሚቱ ጋሼ ደግሞ አሉ። በ1950ዎቹ በምጥ ተጎድተው፣ ፊስቱላ ይዟቸው፣ ፊደል ሳይቆጥሩ አዲስ አበባ የመጡ የገጠር ልጅ ነበሩ። ከታከሙ በኋላ እዚያው ቀሩ። አልጋ ከማንጠፍ ጀምረው፣ ከሐምሊን ባልና ሚስት ጎን ቆመው መሣሪያ እያቀበሉ፣ በመጨረሻ ራሳቸው ቀዶ ሕክምናውን የሚሠሩ፣ ሐኪም የሚያሠለጥኑ ሆኑ። እ.ኤ.አ. በ1989 ከባልደረቦቻቸው ጋር የለንደኑ የቀዶ ሐኪሞች ሮያል ኮሌጅ የወርቅ ሜዳልያ ተሸለሙ፤ በ2018 ቢቢሲ ከዓመቱ 100 ሴቶች አንዷ አደረጋቸው። ማሚቱ! ያው ስም ነው።

ይሁንና በዚህ ብቻ "አውጡላት" አልልም። ስም ለኅብረተሰብ የሚጻፍ አቤቱታ አይደለም፤ ተሸክማው ትምህርት ቤት የምትሄደው ልጅቷ ናት። አንዲት ተማሪ ነበረችኝ፤ ስሟ ከነዚሁ ከቁልምጫዎቹ አንዱ ነው። ስም ስጠራ እስክጨርስ አትጠብቅም፣ የመጀመሪያው ፊደል እንደወጣ "አቤት!" ትላለች፣ ቀሪው ክፍሉ ውስጥ እንዳይሰማ። እሷን ሳስብ፣ ለናፍቆታችንና ለፍልስፍናችን ስንል ልጅ ላይ ስም መለጠፍ ይከብደኛል።

የሚከብደኝ ሌላም ነገር አለ። አሁን አሁን አሮጌ ነገር ተወዷል፤ መሶቡ፣ ጥልፉ፣ በርጩማው ሳሎን ገብቷል። የሐኪምና የመሐንዲስ ልጅ ማሚቴ ስትባል "ውይ፣ ሲያምር!" ይባልላታል። ያው ስም ኖሯት ሻንጣ ይዛ መናኸሪያ የምትወርደው ልጅ ግን ማንም እንደዚያ አይላትም። ስሙ የሚያምረው ባለቤቷ ካልተቸገረች ብቻ ከሆነ፣ ወላጆቿ ያነሱት ስሙን ሳይሆን ጌጡን ነው።

የተማሪዬን እናት እንባም ለዚህ ነው የማልንቀው። ሴትየዋ በልጅነታቸው ከገጠር መጥተው፣ በሰው ቤት እየሠሩ በማታ ትምህርት ነው እዚህ የደረሱት። ያን ጊዜ በዚያ ቤት ምን ተብለው ይጠሩ እንደነበር ልጃቸው ጠይቋቸው አያውቅም። አሁን እሳቸው ሜላትን የሚጠሩበት መንገድ ትክክል ነው ማለቴ አይደለም። ነገር ግን ከአንድ ስም ሸሽቶ ለማምለጥ ዕድሜውን የጨረሰ ሰው፣ ያ ስም በልጅ ልጁ በኩል በር ሲያንኳኳ ቢደነግጥ አይፈረድበትም።

"በወረቀት ሶልያና፣ በቤት ማሚቴ" የሚል አስታራቂም ተገኝቷል። እኛ የለመድነው ብልሃት ነው፤ ግን የአያትን ስም ጓዳ ማስቀመጥ ነው። ለእኔ ከሆነ ማሚቴ ትባል፤ አስቀድሞ ግን ሜላት በዚያ ቤት ሜላት ትባል። ተማሪዬም ለእናቱ ያልጠየቃቸውን ይጠይቅ።

ጊዜ አለ። ለሴት ልጅ ክርስትና 80 ቀን ነው፤ የልደት ምዝገባ ሕጉም 90 ቀን ይሰጣል። እስከዚያ ስሙን ይሞክሩት። ጓዳ ውስጥ አይደለም፤ ታክሲ ውስጥ፣ ክሊኒክ ወረፋ ላይ፣ ጎረቤት በሚሰማበት ከግቢው በር ላይ "ማሚቴ!" ብለው ይጥሩ። ድምፃቸው ዝቅ ካለ ሌላ ስም ይፈልጉላት።