ለሕመማችሁ ስም አታውጡለት

ልጆቼ፣ መርካቶ በርበሬ በረንዳ 40 ዓመት የነገደ ሰው ስለ ደረት የሚያወራው አያጣም። እዚህ አንድ ማዳበሪያ ዛላ ሲፈታ መንደሩ ሁሉ ያስላል። ተሸካሚው ጎኑን ደግፎ ይቀመጣል፤ ነጋዴው ደረቱን እያሸ ሻይ ያዝዛል። «ምን ሆንክ?» ካላችሁት መልሱ ያው ነው፤ «ብርድ መታኝ።»

አባቶቻችን በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይላሉ። የመርካቶ ሰው ግን በሽታውን አይደብቅም፤ ላገኘው ሁሉ ይናገራል። ጥፋቱ ሳይመረመር ስም ማውጣቱ ነው። ስም የወጣለት ሕመም ደግሞ የታወቀ ይመስላል፤ የታወቀ የመሰለውን ማን ይፈራል? ስም ማውጣትም አንድ የመደበቂያ መንገድ ነው።

ከራሴ ልጀምር። ሱቅ ዘግቼ ማታ 3 ሰዓት ላይ ቀይ ወጥ በልቼ፣ ወዲያው ጋደም እል ነበር። ሌሊት ከደረቴ መሀል ተነሥቶ እስከ ጉሮሮዬ የሚያቃጥል ነገር ይቀሰቅሰኛል፤ አፌ ይኮመጥጣል። እኔም «ብርድ» አልኩት። ለብርዴ ብዬ ያለ ሐኪም ትእዛዝ ዳይክሎፌናክ እየገዛሁ በባዶ ሆዴ ዋጥኩ። ይህ መድኃኒት የጨጓራን ግድግዳ ይጎዳል። በዋጥኩ ቁጥር ባሰብኝ፤ በባሰብኝ ቁጥር ዋጥኩ። በመጨረሻ ሐኪም ዘንድ ስሄድ ስለ ጨጓራ ከመናገሩ በፊት ልቤን በኢሲጂ አየ። ልቤ ደህና መሆኑን ካረጋገጠ በኋላ ነው «የጨጓራህ አሲድ ወደ ላይ እየተመለሰ ነው» ያለኝ። ኦሜፕራዞል አዘዘልኝ፤ እራቴንም ከመኝታዬ 3 ሰዓት አስቀድሜ እንድበላ መከረኝ። ዳንኩ።

ዳንኩና ሐኪም ሆንኩ! ጥቂት ወራት ቆይቶ የጎረቤት ሱቅ ወዳጄ በሐምሌ ቅዝቃዜ ፊቱን ላብ አጥምቆት መጣ። የጨበጠውን እጁን ደረቱ መሀል አስቀምጦ «ድንጋይ የተጫነኝ መሰለኝ» አለኝ። «አይዞህ፣ እኔንም እንዲህ አድርጎኝ ነበር፤ ጨጓራ ነው» ብዬ ከመሳቢያዬ ኦሜፕራዞል አውጥቼ ሰጠሁት። መርቆኝ ዋጠ። ማታውን ሆስፒታል ደርሶ ብዙም አልቆየም፤ አረፈ። የልቡ የደም ሥር ተዘግቶ ነበር።

ከዚያ ወዲህ ሐኪም ባገኘሁ ቁጥር እጠይቃለሁ። የገባኝ ነገር ቢኖር ደረት እንደ መርካቶ ብዙ ተራ ያለው መሆኑ ነው፤ ልብ አንዱ ተራ ብቻ ነው። ኩንታል የተሸከመ ወጣት የጎድን አጥንቱ መጋጠሚያ ወይም ጡንቻው ይታመማል፤ በጣት ሲጫኑት ያማል፤ ሲዞር ይወጋዋል። የሳንባ ምች ከትኩሳትና ከሳል ጋር ይመጣል፤ አየር ሲስቡ ይወጋል። ሳሉ 2 ሳምንት ካለፈው በበርበሬው አታሳብቡ፤ ለቲቢ ተመርመሩ። የቲቢ ሕክምና በመንግሥት ጤና ጣቢያ ነጻ ነው። የደረትን አንድ ጎን ብቻ የሚያቃጥል፣ ቀናት ቆይቶም ውኃ የቋጠረ ሽፍታ የሚያወጣ ሕመም ከሆነ አልማዝ ባለጭራ ሊሆን ይችላል፤ መድኃኒቱ ሽፍታው በወጣ በ3 ቀን ውስጥ ቢጀመር ይሻላል።

ጭንቀትም አለ። ጥቅምት 11 ቀን 2017 ዓ.ም. ሸማ ተራ በተቃጠለ ሰሞን አንድ ወጣት ነጋዴ አጠገቤ ቁጭ ብሎ ልቡ ሲደልቅ፣ አየር ሲያጥረው፣ ጣቶቹ ሲደነዝዙ አይቻለሁ። ተመርምሮ ልቡ ደህና ሆነ። ሰዎች «ምንም የለህም» አሉት። ዕቃው ዓመድ ለሆነበት፣ ዕቁብና ዱቤ ለሚጠብቀው ሰው «ምንም የለህም» አይባልም። ጭንቀት የሚያመጣው ሕመም እውነተኛ ሕመም ነው፤ እሱም ሐኪም አለው።

ይህን ሁሉ የዘረዘርኩት ከመካከሉ አንዱን መርጣችሁ ለራሳችሁ እንድትሰጡ አይደለም። «ልብ አይደለም» የሚለው ቃል ከምርመራ በኋላ የሚነገር እንጂ ሻይ ቤት የሚቆረጥ ፍርድ አይደለም።

እንግዲህ ልብ በሉ። ደረትን የሚጫን ወይም ጨምድዶ የሚይዝ ሕመም ደቂቃዎች አልፈውም ካልለቀቀ፣ ወደ ክንድ፣ ወደ መንጋጋ ወይም ወደ ጀርባ ከተዛመተ፣ ቀዝቃዛ ላብ፣ የትንፋሽ ማጠር፣ ማቅለሽለሽ ወይም ራስን መሳት ካለበት ነገን አትጠብቁ። 907 ደውላችሁ የቀይ መስቀል አምቡላንስ ጥሩ፤ ከዘገየ ሕመምተኛውን ባገኛችሁት መኪና ወደ ሆስፒታል ውሰዱት። በእግሩ አታስኬዱት፤ እሱም መኪና አይንዳ። ድንገት ደረትን ቀድዶ ወደ ጀርባ የሚወጣ ሕመም፣ ደም የቀላቀለ አክታ፣ አንድ እግር አብጦ ትንፋሽ ማጠር፣ እንደ ሬንጅ የጠቆረ ሰገራም እንዲሁ ቀጠሮ አይሰጣቸውም። የፎቅ ደረጃ ስትወጡ የሚይዝ፣ ስታርፉ የሚለቅ ሕመም ደግሞ «ለቀቀኝ» ተብሎ አይተውም፤ በዚያው ሳምንት ታዩ። ሴቶች፣ አረጋውያንና የስኳር ሕመምተኞች ልባቸው ታምሞም ያ የድንጋዩ ሸክም ላይሰማቸው ይችላል፤ ድካምና ማቅለሽለሽ ብቻ ሊሆንባቸው ይችላል፤ እናቶቻችሁን ጠይቋቸው።

ሐኪም ዘንድ ስትቀርቡ «ብርድ አለብኝ» አትበሉ። የት እንደሚያማችሁ፣ መቼ እንደጀመረ፣ ምን እንደሚያስነሣው፣ ምን እንደሚያስታግሠው፣ ስንት ደቂቃ እንደሚቆይ ንገሩት። ደም ግፊትና ስኳር ካለባችሁ፣ ሲጋራ የምታጨሱ፣ ጫት የምትቅሙ ከሆነ ሳታፍሩ ተናገሩ፤ ጫት የልብን ምት ያፈጥናል፣ ግፊትንም ይጨምራል። ተመርምራችሁ ልባችሁ ደህና ነው ከተባላችሁ እመኑ፤ ከክሊኒክ ክሊኒክ በፍርሃት አትንከራተቱ። ሕመሙ ጠባዩን ከለወጠ ግን ተመለሱ።

ያ የኦሜፕራዞል ማሸጊያ ከዚያ ቀን ወዲህ ከመሳቢያዬ ወጥቶ አያውቅም፤ ከውስጡ አንዷ ፍሬ ጎድላለች። ዛሬ ሰው ደረቱን ይዞ ሲመጣብኝ መሳቢያውን አልከፍትም፤ ሱቄን ዘግቼ አብሬው እሄዳለሁ።