ስም የሌለው ዕውቀት

አንድ ቡና ላኪ ድርጅት በዚያው ሠራተኛና በዚያው መጋዘን ከቀድሞው የበለጠ ዋጋ ያለው ቡና ለውጭ ገበያ ቢያቀርብ ምርታማነቱ አደገ እንላለን። ቁጥሩ ይመሰክራል። ይሁን እንጂ ቁጥር የሚመልሰው «ስንት?» የሚለውን ጥያቄ ብቻ ነው። «በማን ዕውቀት?» የሚለው ግን ከሒሳብ ይልቅ የኅሊና ጥያቄ ነው።

እንደሚታወቀው የቡና ፍሬ በሽታ በአገራችን የታየው እ.ኤ.አ. በ1971 ነበር። በሽታው እሸቱን እያጠቆረ ያረግፈው ጀመር። በዚያን ጊዜ የጅማ ተመራማሪዎች መድኃኒት በመርጨት ብቻ አልተወሰኑም። ወደ ገበሬው ማሳና ወደ ጫካው ወርደው፣ በታመሙት ዛፎች መካከል ጤነኛ ሆነው የቆሙትን እናት ዛፎች መረጡ። ከኢሉባቦር፣ ከመቱ አካባቢ ከተገኙት መካከል 74110 እና 74112 የተባሉት ዛሬም በሰፊው ይተከላሉ። በስማቸው መጀመሪያ ላይ ያለው 74 የተመረጡበትን ዓመት ያመለክታል። ዓመቱ ተመዘገበ፤ ያን የዘር ሀብት በትውልድ ቅብብሎሽ ጠብቆ ያቆየው ገበሬ ግን በቁጥሩ ውስጥ ቦታ አላገኘም።

ይህን ስንል ተመራማሪውን መውቀሳችን አይደለም። ዘሩን የፈተነው፣ ያባዛውና ለሩቅ ወረዳዎች ያዳረሰው እርሱ ነው። ገበሬው ብቻውን ወረርሽኙን ሊገታው አይችልም ነበር። ተመራማሪውም ገበሬው ያቆየው ልዩ ልዩ ዘር ባይኖር ኖሮ የሚመርጠው ባላገኘ ነበር። የፈጠራ ሥራ ምንጊዜም ከባዶ አይነሣም።

ወደ ቡና ማጠቢያ ጣቢያ ብንሄድም የምናየው ይህንኑ ነው። መፈልፈያው ከውጭ የመጣ መሣሪያ ነው። የተፈለፈለው ቡና በገንዳ ውስጥ ስንት ሰዓት መቆየት እንዳለበት ግን መሣሪያው አይናገርም፤ ጊዜው እንደ ቦታው ከፍታና እንደ ሌሊቱ ብርድ ይለያያል። ልምድ ያለው ሠራተኛ ፍሬውን በመዳፉ አሽቶ፣ ሙልጭልጭታው ለቆ ሲሻክር «ደርሷል» ይላል። ያ መዳፍ ቢሳሳት የጣቢያው ድካም በሙሉ ከደረጃ በታች ይወርዳል። በላኪው መጋዘን ያለው ዘመናዊ መለያም የተበላሸውን ነቅሶ ያወጣ ይሆናል እንጂ፣ ያለ ጊዜው የተለቀመውን ፍሬ ሊያበስለው አይችልም።

«ዕውቀት እንደ አየር የጋራ ነው፤ ባለቤት የለውም» የሚሉ ይኖራሉ። ታዲያ ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2005 ሲዳሞ፣ ሐረርና ይርጋ ጨፌ የሚሉትን ስሞች በአሜሪካ በንግድ ምልክትነት ለማስመዝገብ ያመለከተችው ለምን ነበር? ስሙ ዋጋ እንዳለው፣ ዋጋውም ለፈጠረው ሕዝብ እንደሚገባ ስላመነች ነው። በባዕድ ደጃፍ የተሟገትንለትን ፍትሕ በራሳችን መጋዘን ውስጥ ለገበሬውና ለሠራተኛው ልንነፍግ አይገባም።

ስለዚህ አንድ ድርጅት አዲስ ብልሃት ሲያስገባ ሦስት ግዴታዎች አሉበት። ከመጀመሩ በፊት የሚያውቁትን መጠየቅ፣ ትርፍ ሲመጣ ማካፈል፣ ሥራው ሲነገር ደግሞ ስማቸውን መጥራት። የመጀመሪያው ድርጅቱን ከኪሣራ ያድነዋል፤ ሁለተኛው ገበሬው ነገም ቀዩን ፍሬ ለይቶ እንዲለቅም ያተጋዋል። ሦስተኛው ለላኪው ብቻ የሚተው አይደለም፤ የመምህሩ፣ የካድሬውና የከያኒውም ዕዳ ነው። ስለ ቡና ስናስተምርና ስንዘምር ስለ መዓዛው ብዙ ብለናል። ያንን መዓዛ በመዳፉ ስለሚለካው ሰው የተናገርነው ግን ገና ጥቂት ነው።