ምሰሶው የት ገባ?

ልጆቼ፣ የደብራችንን ምድር ቤት አዳራሽ ለማስፋት ሲታሰብ፣ ልኩን ወስዳችሁ ፕላን እንድትሠሩ ለሦስታችሁ አደራ ተሰጥቶ ነበር። ሁለታችሁ የምትማሩትም ይህንኑ የሕንፃ ሙያ ነው። ከሁለት ሳምንት በኋላ በኮምፒውተር የተሠራ፣ ቀለሙ የሚያብለጨልጭ ሥዕል አመጣችሁ። ወንበሩ አለ፤ የአበባ ማስቀመጫ እንኳ አልቀረም። እናቶች ከቅዳሴ በኋላ ጀርባቸውን የሚያሳርፉበት፣ መሐል ላይ የተገተረው ምሰሶ ግን የለም። «ምሰሶው የት ገባ?» ብዬ ብጠይቃችሁ፣ «ጋሼ፣ በስልክ ነው ያነሣነው» አላችሁኝ። ለካ ሜትር ይዞ የወረደ አንድም ሰው አልነበረም! እንግዲያው በእርሳስ ድገሙት ስል ደግሞ አንዱ «እጄ አይስልም» አለኝ።

ቅዳሴ አርፍዳችሁ መግባታችሁን ካህናቱ ይንገሯችሁ። ማዕድ ላይ ስልክ መነካካታችሁን እናቶቻችሁ ያውቁበታል። እኔን እንቅልፍ የነሣኝ ይህ «እጄ አይስልም» ነው።

ስለ እጅ ካነሣችሁ፣ ከፊሊፕስ ሰፈር ወደ ሰሜን ስትወጡ ሴዳር ላይ የቆሙትን፣ ቀይ፣ ቢጫና ሰማያዊ ሰሌዳ የለጠፉትን ረጃጅም ፎቆች ታውቃላችሁ። አንዳንዶቻችሁ እዚያ አድጋችኋል። ማን ነደፋቸው ብዬ ብጠይቅ ዝም አላችሁ። ራልፍ ራፕሰን ይባላል። ቀኝ ክንዱ በሕፃንነቱ ተቆርጧል። በቀረችው በግራ እጁ ስሎ ተማረ፣ በግራ እጁ ስሎ አስተማረ። ቺካጎ አስተማረ፣ ኤም አይ ቲ አስተማረ፤ እ.ኤ.አ. በ1954 የሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲን የአርክቴክቸር ትምህርት ቤት ሊመራ መጥቶ 30 ዓመት ቆየበት። ወንበር አገኘሁ ብሎ ግን የራሱን ሥራ አልተወም። የጉትሪ ቲያትርን በ1963፣ የሴዳሮቹን 11 ሕንፃዎች በ1973 አቆመ። 1,303 ቤት ነው፤ ትልቁ 39 ፎቅ ይደርሳል። ዕቅዱ ከዚህም እጅግ የሰፋ ነበር፤ ክስና የገንዘብ እጥረት ገታው። ኮንክሪቱ ለእኔ ዓይን ይከብዳል፤ አልደብቅም። ግን ስንቱ ስደተኛ በዚያ ጣራ ሥር የመጀመሪያውን ክረምት አሳለፈ!

ራፕሰን ሚኒሶታ በመጣበት በዚያው በ1954 አዲስ አበባ ላይ የኢትዮ-ስዊድን የሕንፃ ኮሌጅ ተከፈተ። እኔ ወደዚያ ኮሌጅ፣ ወደ ልደታ፣ የገባሁት ዘግይቼ ነው። ዛሬም ፓርክ አቬኑ ላይ በስዊድኖቹ ተቋም፣ ያን ቤተ መንግሥት በመሰለው ቤት በኩል ሳልፍ መምህሬ ትዝ ይለኛል። አንድ ቀን የአንዲት እናት የጭቃ ቤት ለኩ ብሎ ላከን። ፀሐይ ነበር፣ ርቦኛል፤ ደጃፍ ላይ ቆሜ በዓይኔ ገምቼ ጻፍኩ። ሴትየዋ ቡና እየቆሉ ያዩኝ ኖሮ፣ «ልጄ፣ ቤቴን ሳትነካው ነው የለካኸው?» አሉኝ። የምገባበት ጠፋኝ። ሜትሩን ዘርግቼ ከማዕዘን ማዕዘን ስለካ ግድግዳው አንዱ ከሌላው ስንዝር ያህል ይበልጣል። የማገሩን መጉበጥ፣ ምድጃው ለምን ወደ ጓዳ እንደተጠጋ ያየሁት ያኔ ነው። ቡናውንም አጠጡኝ፤ ነፍሳቸውን ይማር።

ስለዚህ ኮምፒውተሩን ጣሉት አላልኩም። እኔም አለኝ፤ የልጅ ልጄ ታስተምረኛለች፣ ትቆጣኛለችም። ኮምፒውተሩ ግን ያልነገራችሁትን ምሰሶ ከየት ያምጣው? እጅ የሚስለው ዓይን ያየውን ነው። እናንተ ደግሞ አላያችሁም። «እጄ አይስልም» ያልከው ልጅ፣ እግዚአብሔር ሁለት እጅ ሰጥቶሃል፤ እኔ ቆጥሬያቸዋለሁ።

ራፕሰን ዕድሜው 90 ካለፈ በኋላ፣ በ2006፣ ያንን ጉትሪ ቲያትር አፈረሱት። ገና በሕይወት እያለ! እንደ እናንተ ቢሆን ኖሮ ያኔውኑ እርሳሱን ይሰቅል ነበር። እርሱ ግን በ2008 በ93 ዓመቱ እስኪሞት ድረስ ሥራውን አልተወም። የዩኒቨርሲቲው የአርክቴክቸር ሕንፃ ዛሬ በስሙ ይጠራል። ሁለታችሁ በዚያ በር ትገባላችሁ፣ ትወጣላችሁ፤ ቀና ብላችሁ ስሙን አላነበባችሁም።

ቅዳሜ ጠዋት በሦስት ሰዓት ምድር ቤት ነኝ። ሜትር አለኝ፣ እርሳሱንም ቀርጬ እመጣለሁ። በረዶ ጣለ የሚል ወሬ አልሰማም። በምሰሶው እንጀምራለን፤ ዙሪያውን የምትለካው አንተ ነህ፣ «እጄ አይስልም» ያልከው።